ኤሌክትሮካታሊስት፦ የኤሌክትሪክ አቀላጣፊ

ኤሌክትሮካታሊስት በኤሌክትሪክ የሚካሄድን ኬሚካዊ ለውጥ የሚያፋጥን፣ በለውጡ ግን ራሱ የማያልቅ ቁስ ነው። በአማርኛ «የኤሌክትሪክ አቀላጣፊ» ሊባል ይችላል። ዛሬ ስሙ በብዛት የሚነሳው ከውሃ ሃይድሮጅን ከማምረት ጋር ነው።

ውሃ በኤሌክትሪክ ሲከፈል ሃይድሮጅን ከካቶዱ (ከአሉታዊው ኤሌክትሮድ)፣ ኦክስጅን ከአኖዱ (ከአዎንታዊው) አረፋ እየሆነ ይወጣል። በክፍል ሙቀት የሚያስፈልገው ዝቅተኛ ቮልቴጅ 1.23 ቢሆንም በተግባር ከ1.8 እስከ 2 ቮልት ይፈጃል። አቀላጣፊው ዝቅተኛውን መጠን መቀነስ አይችልም፤ የሚቀንሰው ከዚያ በላይ የሚባክነውን ነው።

ሥራው ሁሉ የሚከናወነው በኤሌክትሮዱ ገጽ ላይ ነው። በአሲድ ውስጥ የሃይድሮጅን አዮን መጥቶ ኤሌክትሮን ይቀበልና ገጹ ላይ ይጣበቃል፤ ከሌላ አተም ጋር ተጣምሮም ጋዝ ሆኖ ይላቀቃል። ትስስሩ ከላላ አተሙ አይያዝም፤ ከጠበቀ ደግሞ አይለቅም፣ ገጹም ይያዛል። ፕላቲነም ለመካከለኛው ልክ እጅግ ይቀርባል። ነገር ግን ብርቅ ነው፤ ከዓለም ምርት አብላጫው ከደቡብ አፍሪካ ይወጣል። ርካሾቹ ኒኬልና ኮባልት ደግሞ አሲድ ይበላቸዋል።

ለዚህ ችግር ትልቅ መልስ ከሰጡት ጥናቶች አንዱ የኢትዮጵያዊው ኬሚስት የቴዎድሮስ አሰፋ ነው። በአሜሪካ ኒው ጀርሲ የሩትገርስ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የሆኑት ቴዎድሮስ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2014 ኮባልት ያዘሉ፣ ናይትሮጅን የበዛባቸው የካርቦን ናኖቲዩቦችን (እጅግ ደቃቅ ቱቦዎችን) አስተዋወቁ። መነሻዎቹ ርካሽ ናቸው፦ ኮባልት ክሎራይድና ዳይሳያንዳያማይድ የተባለ ናይትሮጅናማ ኬሚካል። ሁለቱ በሙቀት ተለውጠው ቱቦዎቹን ይሠራሉ። ቅልጥፍናቸው ወደ ፕላቲነም የተጠጋ ሲሆን፣ ተመራማሪዎቹ ምክንያቱን በዋናነት የሰጡት በካርቦኑ ውስጥ ለገቡት የናይትሮጅን አተሞችና እነሱ ለሚያስከትሉት የመዋቅር ጉድለት ነው።

ከዋጋው ይልቅ ትልቁ ቁም ነገር ቱቦዎቹ በአሲድም፣ በገለልተኛ ውሃም፣ በቤዝም መሥራታቸው ነው። የኦክስጅኑ ወገን አራት ኤሌክትሮን ስለሚያንቀሳቅስ ከሃይድሮጅኑ ይከብዳል፤ በአሲድ ውስጥ ብርቁን ኢሪዲየም ይጠይቃል፣ በቤዝ ውስጥ ግን የኒኬልና የብረት ውህድ ይበቃዋል። በሁሉም የሚሠራ የካቶድ አቀላጣፊ ከየትኛውም ጋር ሊጣመር ይችላል። ቀሪው ፈተና ዕድሜ ነው፤ ፋብሪካ በአሥር ሺዎች ለሚቆጠሩ ሰዓታት የሚያገለግል ኤሌክትሮድ ይፈልጋል።

ጉዳዩ ኢትዮጵያን በቅርብ ይነካል። ዩሪያ የሚሠራው ከአሞኒያ፣ አሞኒያም ከሃይድሮጅን ነው፤ አገሪቱ ደግሞ የአፈር ማዳበሪያን በውጭ ምንዛሪ ትገዛለች። በአባይ ኃይል ውሃን ከፍሎ ማዳበሪያ መሥራት አዲስ ሐሳብ አይደለም፤ የግብፁ ኪማ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ለአሥርት ዓመታት በአስዋን ግድብ ኤሌክትሪክ ሲያደርገው ነበር። አንድ ኪሎ ሃይድሮጅን ዛሬ 50 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ስለሚፈጅ፣ የአንድ አቀላጣፊ ዋጋ የሚመዘነው በተገዛበት ብር ብቻ ሳይሆን ከዚህ ፍጆታ በሚቀንሰው ልክም ነው።