ስለ ዊንቸስተር ቤተ ክርስቲያን መሠረትና ስለ ጠላቂው ዊልያም ዎከር

ላዩ ደረቅ መስሎ ጥቂት ክንድ ቢቈፍሩት ውኃ የሚወጣበት ምድር ብዙ ነው። ይህ ውኃ በዝናም ወራት ከፍ፥ በበጋ ዝቅ ማለቱን ከጕድጓድ የሚቀዳ ሁሉ ያውቀዋል። ውኃ የጠገበ አፈር ሕንጻን እንዴት እንደሚያስጨንቅ ግን በእንግሊዝ አገር የዊንቸስተር ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ይመሰክራል። ዘመኑን በኤውሮጳ አቈጣጠር እንጽፋለን።

ሕንጻው በ1079 ዓ.ም. በጳጳሱ በዋልከሊን ተጀመረ። በ13ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ጳጳሱ ጎድፍሬይ ደ ሉሲ በምሥራቅ በኩል ሲያስፋፋው ቦታው ረግረግ ነበረና ግንድ አጋድመው በዚያ ላይ ግንቡን አቆሙ። ከግንዱ በታች የበሰበሰ ሣርና ቅጠል ተጠራቅሞ የሆነ፥ ውኃ የጠጣ ጥቁር አፈር አለ፤ ጽኑው የጠጠር ንጣፍ የሚገኘው ከዚያ በታች ነው። መሠረቱ እስከዚያ አልደረሰም። ግንበኞቹን አልነቅፍም፤ በዚያ ዘመን መሣሪያ እንዲህ ያለውን ውኃ ማን ይችለዋል?

አፈሩ ከክብደቱ የተነሣ እየተጨመቀ ሄዶ ግድግዳው ዘመመ፤ በ1905 ዓ.ም. ስንጥቁ እጅግ አስፈሪ ሆነ። አርክቴክቱ ቶማስ ጃክሰን መሐንዲሱን ፍራንሲስ ፎክስን ጠርቶ ከግንቡ ሥር ያስቈፍር ጀመር። ዳሩ ግን ጥቁሩ አፈር በተበሳ ጊዜ ውኃው ገንፍሎ ጕድጓዱን ሞላው። በመኪና እንሳበው ቢሉ ውኃው ደቃቁን አፈር ይዞ እየወጣ ከግንቡ ሥር ባዶ ሊያደርገው ነው፤ ሊያድኑት የመጡትን ግንብ በገዛ እጃቸው መጣል ሆነ።

ስለዚህ ውኃውን በቦታው ትተው በውስጡ የሚሠራ ሰው ፈለጉ። ዊልያም ዎከር የተባለ የባሕር ጠላቂ ከ1906 እስከ 1911 ዓ.ም. ከባዱን የጠላቂ ልብስ እየለበሰ እስከ 6 ሜትር ጥልቀት ይወርድ ነበር። ውኃው ደፍርሶ ፍጹም ጨለማ ነውና በእጁ እየዳሰሰ ጥቁሩን አፈር ቈርጦ ያወጣል፤ በጠጠሩም ላይ የኮንክሪት ከረጢት ይደረድራል። ኮንክሪቱ ሲደርቅ ከታች የሚመነጨው ውኃ ይዘጋል፤ ያን ጊዜ ብቻ ውኃው ያለ ስጋት ተስቦ ግንበኞች ይገባሉ። ለዚህ ሥራ 25,800 ከረጢት፥ 114,900 የኮንክሪት ድንጋይ፥ 900,000 ጡብ ገባ።

በ1912 ዓ.ም. ሐምሌ ንጉሡ ጊዮርጊስ 5ኛ ባሉበት የምስጋና ጸሎት ተደረገ። ዎከር በ1918 ዓ.ም. በአገራችን የኅዳር በሽታ በተባለው ወረርሽኝ ሞተ። የሚያሳዝነው፥ መጀመሪያ የቆመለት ሐውልት በስሕተት የመሐንዲሱን መልክ ይዞ ነበር፤ በ2001 ዓ.ም. ሌላ ተተከለለት።

ውኃው ግን አልሄደም፤ ዛሬም በብርዱ ወራት ከመቅደሱ በታች ያለውን ምድር ቤት ያጥለቀልቀዋል። ግንቡ በጠጠሩ ላይ ቆሟል።