ከጢስ ዓባይ በላይ የዓሣ መብል ታሪክ

ጠረፍ ባላቸው አገሮች በዓሣ በዓል ቀን ባለሙያው በሕዝብ ፊት ቆሞ ዓሣውን ያሰናዳል፤ ያበስላል፤ ተመልካቹም ይቀምሳል። እኛ ዘንድ በዓሉ ባይለመድም ነገሩ አይታጣም። በሐዋሳ አሞራ ገደል ዓሣው ከጀልባ እንደ ወረደ ገዥው እያየ ይገፈፋል፤ ደፋር የሆነም ጥሬውን በዳጣ ይቀምሳል። በባሕር ዳርም፥ ይልቁንም በጾም ወራት፥ ጎኑ የተሰነጣጠቀ ቆሮሶ በጋለ ዘይት ሲጠበስ መንገደኛውን ይጠራል፤ የጢስ ዓባይን ፏፏቴ አይቶ የተመለሰ እንግዳም ምሳው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ይህን የተመለከተ ሰው ዓሣ በጣና ዙሪያ ከጥንት ጀምሮ የተከበረ መብል ነበር ብሎ ሊያስብ ይችላል። ታሪኩ ግን ሌላ ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዘመናት እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

የጢስ ዓባይ ገደል የጣናን ዓሣ ከታችኛው ዓባይ ዓሣ ለይቶታል፤ ከታች የመጣ ዓሣ ፏፏቴውን ሊወጣ አይችልምና። ስለዚህ በሐይቁ ውስጥ በሌላ ስፍራ የማይገኙ ከ15 የማያንሱ የነጭ ዓሣ ዓይነቶች ይኖራሉ። ጀርመናዊው ሩፔል በ1830ዎቹ አንዳንዶቹን መርምሮ ለሳይንስ አስታውቋል። ሆኖም በዚያ ዘመን በመኳንንቱ የግብር አዳራሽ የሚከበረው ብርንዶ እንጂ ዓሣ አልነበረም።

ዓሣውን አጥምዶ የሚመገበው በሐይቁ ዳር የሚኖረው ነገደ ወይጦ ነበር። ይህ ሕዝብ የቀድሞ ቋንቋውን አጥቶ ዛሬ አማርኛ ይናገራል፤ ሃይማኖቱም እስልምና ነው። ነገር ግን ጉማሬ እያደነ ይበላ ስለ ነበር ክርስቲያኑም ሌላው እስላምም ከእርሱ ጋር በአንድ ገበታ አይቀርብም ነበር። ታንኳውን የሚሠራው ከደንገል ነው፤ ደንገሉም ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከሥራ በኋላ ከውሃ አውጥቶ ፀሐይ ማስመታት ያስፈልጋል። (በዚህች ታንኳ ላይ ተቀምጦ የማያውቅ ሰው ሥራውን ቀላል አድርጎ ይገምታል።) በእኔ አስተያየት ዓሣ ከገበሬው ማዕድ የራቀው በጣዕሙ ብቻ አይደለም፤ አጥማጁ የተናቀ ስለ ነበር ያጠመደውም አብሮ ተናቀ።

ዓሣን ወደ ገበታው ያቀረበው በይበልጥ ጾም ነው። ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለው ክርክር የቆየ ነው፤ አጥባቂው ጾመኛ ዛሬም አይቀምሰውም። ይሁን እንጂ ከተማው በርበሬና ሎሚ ጨምሮ ሽታውን ካጠፋ በኋላ ዓሣን በሥጋ ምትክ ተቀበለው። የምግቡ ስም ራሱ ይህን ይመሰክራል፤ የዓሣ ጥብስ፥ የዓሣ ዱለት፥ የዓሣ ለብለብ እንላለን፤ ሁሉም ከሥጋ ቤት የተዋሰናቸው ናቸው።

በ1986 ከሆላንድ በመጣ ርዳታ የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ወደ ጣና ገባ፤ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንም በሥራው ተሳታፊ ነበረች። የደንገል ታንኳ ከዳር ብዙ አይርቅም፤ ሞተሩ ግን መካከለኛውን ሐይቅ ለአጥማጁ ከፈተለት። ዓሣው ወደ አዲስ አበባ መጫን ጀመረ፤ ዋጋም አገኘ። እንግዲህ ዓሣው ሲከበር የቀድሞው አጥማጅ አብሮ አልተከበረም። ደንገሉ በእርሻ እየተመነጠረ ነው፤ የወይጦ ሰውም ለመረብና ለሞተር የሚሆን ገንዘብ ከየት ያመጣል?

ዓሣውም ቢሆን አልተረፈም። ነጩ ዓሣ በክረምትና በመጸው እንቁላሉን ለመጣል ወደ ጉማራ፥ ወደ ርብና ከምዕራብ ጎጃም ወደሚወርደው ግልገል ዓባይ ይወጣል፤ አጥማጆችም አፋፉ ላይ መረብ ዘርግተው ይጠብቁታል። ወደ ላይ ሲሄድ ደግሞ ገበሬው የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውሃው ላይ ይበትናል፤ ዓሣው ሰክሮ ሲንሳፈፍ በእጅ ይለቀማል፤ ትንሹም ትልቁም ያልቃል። ተመራማሪዎች በ1991 እና በ2001 በሐይቁ ያደረጉትን ጥናት ሲያስተያዩ ወደ ወንዝ የሚወጣው ነጭ ዓሣ 75 በመቶ ያህል ቀንሶ አግኝተውታል። በመጥበሻው ላይ አብዝቶ የሚታየው ቆሮሶ ግን እንቁላሉን የሚጥለው በሐይቁ ውስጥ ስለሆነ ወደ ወንዝ አይወጣም፤ ስለዚህ በባሕር ዳር የሚመገበው እንግዳ የነጩን ዓሣ ማነስ ከሳህኑ ላይ አያየውም።