ግመልና በቅሎ፣ ትሪያምፍና ቢኤምደብሊው፦ በመተማ መንገድ የወረዱ ሞተሮች

ከጎንደር ተነስቶ አዘዞ ላይ የታጠፈ መንገደኛ፣ ጭልጋን አልፎ መውረድ ሲጀምር ጋቢውን የሚያወልቅበት ቦታ አለ። አይከል ላይ ብርድ ያቆራመደው ሰው ገንዳ ውሃ ሲገባ የዛፍ ጥላ ይፈልጋል። ከ2000 ሜትር በላይ ከሚገኘው ደጋ 700 ሜትር ገደማ ላይ እስከተቀመጠችው መተማ ዮሐንስ ድረስ ያለው መንገድ 200 ኪሎ ሜትር አይሞላም። በዚህች አጭር ርቀት ውስጥ ግን ድንጋይ፣ ገደል፣ አሸዋና ዋልካ ተራ በተራ ይመጣሉ። ዋልካው በበጋ ጎማ በሚውጥ ስንጥቅ ይከፈታል፤ በክረምት ደግሞ ከጎማና ከጭቃ መከላከያው መካከል ገብቶ ይጠቀጠቅና መንኮራኩሩን ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል።

በዚህ መንገድ ምን ላይ ተቀምጦ ይኬዳል? ሞተር ሳይክል ከመፈጠሩ በፊትም ሰዎች በዚህ ጥያቄ ተቸግረዋል።

ፈረንሳዊው ሐኪም ቻርልስ ፖንሴ ቀዳማዊ አፄ ኢያሱን ለማከም እ.ኤ.አ. በ1699 ከሱዳኗ ሰናር ወደ ጎንደር ሲመጣ፣ ሜዳውን በግመል ተሻግሮ ተራራው ሲጀምር ግመሎቹን ትቶ በፈረስ ወጣ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1771 መጨረሻ ከጎንደር ሲመለስ በዚሁ ቆላ በኩል ወደ ሰናር ወረደ። ሲራራ ነጋዴው ከእነርሱ በፊትም ሆነ በኋላ ሕጉን ያውቀው ነበር፤ በቅሎና አህያ ከደጋ ይወርዳሉ፣ ግመል ከሱዳን ይመጣል፣ ጭነቱ መሃል ላይ ይለዋወጣል። በ19ኛው መቶ ዘመን ቡናው፣ ሰሙና ሌላው የደጋ ሸቀጥ ከሱዳን ከመጣው ጥጥና ጨርቅ ጋር ይገናኝባት የነበረችው የመተማ ገበያ ግመልና በቅሎ ከሚለያዩበት ድንበር አጠገብ መቀመጧ ያለ ነገር አልነበረም።

መተማ በኢትዮጵያውያን ልብ ውስጥ የምትታወሰው ግን በገበያዋ ሳይሆን በመጋቢት 1881 ነው። አፄ ዮሐንስ 4ኛ ከሱዳን መሃዲስቶች ጋር ሲዋጉ የቆሰሉትና የሞቱት እዚያ ነው፤ ከተማዋም ስማቸውን ይዛ መተማ ዮሐንስ ትባላለች። ስለ ውጊያው ብዙ ስለተጻፈ እዚህ መድገም አያስፈልግም።

ሞተር ወደ አካባቢው የመጣው በጦር ኃይል ነው። አኪሌ ስታራቼ የተባለው የፋሺስት ፓርቲ ሹም በመጋቢት 1928 በካሚዮን የተጫነ ፈጣን ጦር ከአስመራ አስነስቶ፣ በሁመራ ማዶ ባለው ቆላ አድርጎ በሁለት ሳምንት ተኩል ገደማ ጎንደር ገባ። ጣሊያኖች ከአምስት ዓመት በኋላ ተባረሩ፤ የሞተር ቋንቋቸው ግን ቀረ። ዛሬም ገንዳ ውሃ ላይ ሞተሩ የቆመበት ሰው መካኒኩ ዘንድ ሄዶ የሚያወራው ስለ ካንዴላና ስለ ፍሪሲዮን ነው፤ ከህንድ የመጣ ሞተር በጣሊያንኛ ይታከማል ማለት ነው።

ብረትም ቢሆን ከመልክዓ ምድሩ ጋር ሲጋጠም ያን ያህል አልቀናውም። በጥቅምት 1933 እንግሊዛዊው ብርጋዴር ዊልያም ስሊም ከመተማ ማዶ በሱዳን በኩል ያለችውን ገላባትን ከጣሊያን ለማስለቀቅ ሲያጠቃ 12 ታንክ ነበረው። አብዛኞቹ በፈንጂና በድንጋይ ሰንሰለታቸው እየተበጠሰ ከጥቅም ውጭ ሆኑ። ገላባት ተያዘ፣ መተማ ግን ሳይያዝ ቀረ። ከሦስት ወር በኋላ፣ ከመተማ በስተደቡብ በኡም ኢድላ በኩል፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ ድንበሩን ሲሻገሩ የእንግሊዛዊው መኮንን የዊንጌት ጦር ስንቁንና ጥይቱን የጫነው በግመል ነበር። ወደ 15 ሺህ የሚጠጋው የግመል መንጋ ወደ ጎጃም ደጋ ሲወጣ በብርድ፣ በድካምና በዳገት አለቀ፤ አዲስ አበባ የደረሰው በአሥሮች የሚቆጠር ብቻ ነው። ፖንሴን ከተራራው ሥር ከግመል ያወረደው ሕግ ከሁለት መቶ አርባ ዓመት በኋላም አልተሻረም ነበር።

በዚህ መንገድ ሁለት ሞተር ሳይክሎችን ለማወዳደር የሚመች ታሪክ ያለው በአንድ ሰው እጅ ነው። ቴድ ሳይመን የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ መስከረም 26 ቀን 1966፣ ማለትም ግብፅና እስራኤል ጦርነት በጀመሩበት ዕለት፣ ዓለምን ለመዞር ከለንደን ተነሳ። የተቀመጠባት ትሪያምፍ ታይገር 100 መንትያ ሲሊንደር ያላት፣ 500 ሲሲ፣ በእግር ተረግጣ የምትነሳ፣ ኃይሏን ለኋላ ጎማ በሰንሰለት የምታስተላልፍ ናት። የተሠራችበት የሜሪደን ፋብሪካ እንደሚዘጋ በዚያው ወር ተነግሯቸው ሠራተኞቹ በሩን ዘግተው ተቀምጠውበት ነበር። ሳይመን በጦርነት ላይ ያለችውን ግብፅንና የሱዳንን በረሃ አቋርጦ፣ በገዳሪፍና በገላባት በኩል መተማ ደረሰ። አፄ ኃይለ ሥላሴ ገና በዙፋናቸው ላይ ነበሩ።

ትሪያምፏ ለበረሃ አልተሠራችም። የእንግሊዝ አስፋልት ላይ እንድትሮጥ የተበጀች ሞተር ናት። ግን ባዶዋን 155 ኪሎ ገደማ ትመዝናለች፤ ይህ በዋልካ ላይ ትልቅ ነገር ነው። የወደቀን ሞተር ብቻውን የሚያነሳ ሰው መንገዱን ይቀጥላል፤ የማይችል ግን የሚያግዘው ሰው እስኪያልፍ ፀሐይ ላይ ይቀመጣል። ድክመቷ ሰንሰለቷ ነው። የሱዳን አቧራ ከዘይት ጋር ሲለወስ እንደ ሞረድ ሆኖ ጥርሱን ይበላዋል፤ በየምሽቱ መጥረግ፣ መቀባት፣ ማጥበቅ ግድ ይላል። ልክ በቅሎ እንደሚጭን ሰው ማለት ነው፤ ማታ ጀርባዋን ሳያይ ያደረ ጠዋት በእግሩ ይሄዳል።

ሳይመን ከአራት ዓመት በኋላ አገሩ ሲገባ ከ100 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነድቶ ነበር። «የጁፒተር ጉዞዎች» የተባለው መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1979 ታተመ፤ በዓመቱ ደግሞ ቢኤምደብሊው አር80ጂ/ኤስ የተባለ ሞተር ለገበያ አቀረበ። ጂና ኤስ የሁለት የጀርመንኛ ቃላት መነሻ ፊደላት ናቸው፤ አንዱ ሜዳና ዱር፣ ሌላው ጎዳና ማለት ነው። ግመልም በቅሎም ልሁን ያለ ሞተር ነው እንግዲህ። ብዙ ሰው ሐሳቡን ተጠራጥሮት ነበር፤ ይህን የሚያህል ከባድ ሞተር ከመንገድ ውጭ ምን ይሠራል? መልሱን እ.ኤ.አ. በ1981 የሰጠው የፓሪስ ዳካርን ውድድር በዚሁ ሞተር ያሸነፈው ዩቤር ኦሪዮል ነው። ኦሪዮል ፈረንሳዊ ቢሆንም የተወለደው አዲስ አበባ ነው፤ «አፍሪካዊው» የሚለው ቅጽል ስሙም በከንቱ አልወጣለትም።

ሳይመን እ.ኤ.አ. በ2001፣ በ69 ዓመቱ፣ ያንኑ ጉዞ ለመድገም ሲነሳ የመረጠው የዚህን ሞተር ተከታይ አር80ጂኤስን ነበር። ወደ 800 ሲሲ የሚጠጋ፣ 50 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ ሲሊንደሮቹ እንደ አህያ ጭነት ግራና ቀኝ የወጡ ሞተር ነው። ሰንሰለት የለውም፤ ኃይሉ በብረት ቱቦ ውስጥ በተደበቀ ሻፍት ስለሚሄድ አቧራ አይነካውም። በገዳሪፍ ሜዳ ላይ ይህ ሞተር ትሪያምፏን በሁሉም ነገር ይበልጣታል፦ በፍሬኑ፣ በእርጋታው፣ በሚሸከመው ነዳጅ። ነገር ግን ነዳጁን ሞልቶ ከ200 ኪሎ ያልፋል። እንደ ልብ የሚዘልለው ጉድጓድ አለ፣ ሲጥል ግን እንደ ወይፈን ነው። ሳይመን በዚህ ጉዞ ኬንያ ላይ ወድቆ እግሩ ተሰበረ፤ ያም ሆኖ ጉዞውን ጨረሰው።

የቱ ይሻላል? ለዚህ መንገድ ከሆነ፣ ከገላባት እስከ ገንዳ ውሃ ቢኤምደብሊው፣ ከነጋዴ ባሕር እስከ አይከል ያለው ዳገት ጠጠር በነበረበት ዘመን ደግሞ ትሪያምፍ ቢባል ከእውነት አይርቅም። መሃል ላይ እንደ ጥንቱ ጭነት ማዛወር ቢቻል ኖሮ!

ሳይመን በሁለቱ ጉዞዎቹ ያለፈበት መተማ አንድ አልነበረም። በሰኔ 1987 አዲስ አበባ ላይ በግብፁ ፕሬዚዳንት ሙባረክ ላይ የግድያ ሙከራ ከተደረገ በኋላ የኢትዮጵያና የሱዳን ግንኙነት ሻከረ። በ1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ ደግሞ የሰሜኑ በር ተዘጋና አዲስ አበባና ካርቱም ታረቁ። ከዚያ በኋላ ከካይሮ ወደ ኬፕታውን በየብስ የሚጓዝ ሁሉ በጠባቧ የገላባት ድልድይ ማለፍ ግድ ሆነበት፤ ሞተረኛውም፣ ከ1995 ጀምሮ በየዓመቱ ይመጣ የነበረው የብስክሌት ጉዞም። የፊልም ተዋናዩ ኢዋን ማክግሬገርና ጓደኛው ቻርሊ ቡርማን እ.ኤ.አ. በ2007 ከስኮትላንድ ወደ ኬፕታውን ሲጓዙ ከሱዳን ወደ ኢትዮጵያ ገብተዋል። የነዱት አር1200ጂኤስ አድቬንቸር 33 ሊትር ነዳጅ ይይዛል፤ ታንኩ ሲሞላ ከ250 ኪሎ በላይ ነው። የሳይመንን ትሪያምፍ የሚያስንቅ ክብደት፣ በዚያ ላይ ካርቡራቶር የሌለው፣ በኮምፒውተር የሚታዘዝ። መንገድ ዳር ካንዴላ አጽድቶ የሚያስነሳው መካኒክ ለዚህ ምንም ሊያደርግለት አይችልም።

ከዚያ አስፋልቱ መጣ፤ ሰሊጥና ጥጥ የጫነው ካሚዮን በአንድ ቀን ጎንደር መድረስ ቻለ፣ «ከመንገድ ውጭ» የሚለው ነገርም ለዋናው መስመር ትርጉሙ ሳሳ። በሚያዝያ 2015 ካርቱም ውስጥ ጦርነት ሲነሳ ደግሞ ትልልቆቹ ሞተሮች ቀሩ፤ በድልድዩ ላይ የመጡት ሻንጣቸውን የተሸከሙ ስደተኞች ነበሩ።

የሳይመን ትሪያምፍ ዛሬ እንግሊዝ ውስጥ በኮቨንትሪ የትራንስፖርት ሙዚየም ቆማለች። ከገንዳ ውሃ ወጣ ብሎ ወደ ሰሊጥ እርሻዎቹ በሚገባው የዋልካ መንገድ የሚሄዱት የህንዶቹ ቦክሰርና አፓቼ ናቸው። 120 ኪሎ ገደማ የሚመዝን፣ ዋጋው ከቢኤምደብሊው ጎን የማይጠራ ሞተር፤ ከፊት ጀሪካን፣ ከኋላ ሁለት የቀን ሠራተኛ፣ ከእነሱ በስተኋላ በገመድ የታሰረ ጆንያ። ዝናብ ከጣለ ሦስቱም ወርደው፣ የጭቃ መከላከያውን በእንጨት እየፋቁ ይገፉታል።