ሙስሐፍ፣ ፕሌት፣ ሶፍት ኮፒ፦ የማተሚያ ቤት ቃላት ታሪክ

ረመዷን ሲቃረብ ከሃያ ሁለት እስከ መገናኛ፣ ከቦሌ እስከ ገርጂ ካሉት የኅትመት ሱቆች ወደ አንዱ ጎራ ብላችሁ ከሆነ ንግግሩን ታውቁታላችሁ። «ባነሩ ስንት በስንት ነው?» «ሶፍት ኮፒው አለ?» «ከርቭ አድርገህ ላክልኝ።» እነዚህ ቃላት የትናንት ናቸው። አብረዋቸው የሚነሱት «መጽሐፍ»ና «ኅትመት» ግን ረጅም መንገድ ተጉዘዋል።

ኢማም ሱዩጢ «አል-ኢትቃን» በተሰኘው ሥራቸው አንድ ዘገባ አስፍረዋል። ቁርኣን በአንድ ጥራዝ ሲሰበሰብ ስም ተፈለገለት፤ መጀመሪያ የቀረቡት ስሞች አልተወደዱም። ወደ ሐበሻ ተሰደው የነበሩት ኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ.) ግን እዚያ «ሙስሐፍ» የሚባል መጽሐፍ ማየታቸውን ተናገሩ፤ ስሙም ያ ሆነ። ጀርመናዊው የቋንቋ ሊቅ ኖልደከም ቃሉ ከግዕዙ «መጽሐፍ» መምጣቱን ጽፏል። ስንቶቻችን ነን ሙስሐፍ ስንከፍት የአገራችንን ቃል መያዛችንን የምናስተውለው?

«ኅትመት»ስ? ቁርኣን «አኸተመ» ስንል የምንጠቀምበት የዐረብኛው «ኸተመ» ዘመድ ነው፤ ማኅተም ማሳረፍ፣ መዝጋት፣ መጨረስ። ዐረቦቹ ለኅትመት የመረጡት ሌላ ቃል ነው፤ ማተሚያ ቤትን «መጥበዓ» ይሉታል። የዚያም ሥር የጥንት ትርጉሙ ማኅተም ማሳረፍ ነው። ማሽኑ ሲመጣ ሁለቱም ቋንቋዎች የቅርብ ዘመድ ሲፈልጉለት ማኅተምን አገኙ። «ወረቀት»ም ዐረብኛ ነው፣ ከቅጠል የመጣ።

ቦሌ ገና የእርሻ ማሳ ሳለች፣ በ1914 ዓ.ም.፣ ራስ ተፈሪ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤትን አቋቋሙ። የዚያ ዘመን ባለሙያ «ፊደል ለቃሚ» ነው። ከሣጥን ውስጥ የእርሳስ ፊደል አንድ በአንድ እየለቀመ ይደረድራል። የእንግሊዝኛው ለቃሚ 26 ፊደል፣ ከትልልቆቹ ጋር 52 ቢይዝ ነው። የእኛው 33 በ7፣ ማለትም 231 ይጠብቀዋል፤ ዲቃሎቹ፣ ቁጥሩና ነጥቡ ሳይቆጠሩ! ፊደሉ ደግሞ እንደ መስታወት ምስል የተገለበጠ ስለሆነ ግልባጩን ማንበብ መልመድ አለበት። ኦፍሴት ይህን አስቀረ። ፕሌቱ ላይ ያለው ጽሑፍ ቀጥ ብሎ ይነበባል፤ ጎማው ላይ ተገልብጦ ያርፍና ወረቀቱ ላይ ይቃናል። ባለ ቀለም ሥራ አራት ፕሌት ይፈልጋል፦ ሰማያዊ፣ ማጀንታ፣ ቢጫ፣ ጥቁር።

የአማርኛው የቁርኣን ትርጉም በ1961 ዓ.ም. ታተመ። በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ አዋጅ ሲወጣ ደግሞ እንደ «ቢላል» ያሉ የሙስሊም መጽሔቶች ብቅ አሉ። አዋጁ የወጣበት ዘመን ኮምፒውተር ፊደል ለቃሚውን መተካት የጀመረበትም ነው፤ ለእኛ ትውልድ ትልቁ ጣጣ የተጀመረውም እዚህ ጋ ነው።

የያኔው ፎንት 256 ቦታ ብቻ ነበረው። ስለዚህ ቪዥዋል ግዕዝ፣ ፓወር ግዕዝና ሌሎቹ ፊደላችንን በላቲን ፊደላት ቦታ አስቀመጡት፤ እያንዳንዱም በራሱ አደራደር። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ላቲኑን ነው፤ «ሀ»ን የሚያሳየው ፎንቱ ብቻ ነው። የግዕዝ ፊደል የራሱን ቋሚ ቁጥር ያገኘው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ነው። ከዚያ በፊት የተተየበ ኪታብ፣ ዳዕዋ ወይም የመስጂድ መዝገብ ዛሬ ሲከፈት ትርጉም የለሽ የምልክት ክምር ይመስላል። ብዙዎች «ፋይሉ ተበላሽቷል» ብለው ያጠፉታል። አልተበላሸም! የተተየበበትን ፎንት ስም ካወቅን መቀየሪያ ፕሮግራሞች ወደ ዩኒኮድ ይመልሱታል። አባቶቻችን ዘንድ የቀረ ዲስኬት ወይም ሲዲ ካለ ከመጣሉ በፊት ይታይ።

«ከርቭ» የሚባለውም የራሱ ጉዳት አለው። ማተሚያ ቤቱ ፎንት እንዳይጠፋበት ብሎ ጽሑፉን ወደ ሥዕል ያስቀይራል፤ ለኅትመቱ ትክክል ነው። ግን ያ ብቻ ከተቀመጠ መጽሐፉ በቀላሉ አይፈለግም፣ አይታረምም። ስለዚህ መጽሐፍ ስናሳትም ከከርቩ ጋር የተተየበውን ዋና ጽሑፍም በዩኒኮድ እንቀበል።

ጽሑፉ ተርፎ እንኳ ፍለጋው ቀላል አይደለም። ሙሐመድ፣ ሙሃመድ፣ መሐመድ፣ ሞሐመድ፦ እኛ አንድ ስም እናነባለን፤ ለኮምፒውተሩ ግን አራት የተለያዩ ቃላት ናቸው።