ከብርብራ እስከ ዘንግ፦ በዓባይ ዳር ዓሣ ለማጥመድ ለሚያስብ ጀማሪ

የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ወንዝ አያጣውም። በሽሎና ወለቃ ሸለቆውን እየሰነጠቁ ወርደው ዓባይን ይቀላቀላሉ፤ ዓባይም የወሎውን ቦረና ከጎጃም ይለያል። ይሁንና የቦረናዋ ከተማ የመካነ ሰላም ሰው ከዓሣ ጋር ብዙም አይተዋወቅም። ሕዝቡ የሰፈረው ደጋ ላይ ነው፤ ወንዙ ያለው ደግሞ ወባና ሐሩር ባለበት ቆላ፣ ቁልቁለቱ ጉልበት በሚፈታበት በረሃ ውስጥ።

በዓባይ ተፋሰስ ዓሣ ይያዝበት ከነበረው መንገድ አንዱ ብርብራ ነው። የዛፉ ፍሬ ይወቀጥና በበጋ ውኃው ሲጎድል ወንዙ ቆርጦ በሚተወው ኩሬ ይበተናል። በፍሬው ውስጥ ያለው ሮቴኖን የተባለው ንጥረ ነገር ዓሣው ኦክስጅንን እንዳይጠቀም ያደርገዋል፤ ዓሣውም ታፍኖ ይንሳፈፋል። የሚለቀመው ትልልቁ ነው፤ ጫጩቱ ግን አብሮ ያልቃል።

መረቡም የራሱን ጥፋት አድርሷል። በጣና ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ1986 የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ገባ። በዚያ ሐይቅ የአካባቢው ሰዎች ነጭ ዓሣ የሚሉት ዘር ከደርዘን በላይ ዝርያ አለው፤ በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ስብስብ ሳይፈርስ የቀረው እዚያ ብቻ ነው። ከእነዚህ መካከል ስምንቱ ሌላ ዓሣ አሳደው ይበላሉ። ከነጭ ዓሣው በርካታው ዝርያ ለመራባት በክረምት ማብቂያ ወደ ገባር ወንዞች ይወጣል፤ መረቡም የወንዙ አፍ ላይ ይጠብቀዋል። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት የነጭ ዓሣው ብዛት በሦስት አራተኛ ያህል አሽቆለቆለ። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፤ ለዘመናት የቆየ ሀብት በአሥር ዓመት ሊሟጠጥ መቻሉ።

ዘንግ ያዡ ግን የሚይዘው አንድ በአንድ ነው፤ ትንሹንም መልሶ ይለቃል። ክር መጠቅለያ ያለው የዛሬው ዘንግ የረጅም ጊዜ ሥራ ውጤት ነው። በቀላሉ ለመወርወር የሚያስችለው መጠቅለያ እ.ኤ.አ. በ1905 በእንግሊዝ ተመዘገበ፤ ዱፖንት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ደግሞ ናይለንን እ.ኤ.አ. በ1938 ይፋ አደረገ። ቀድሞ በሐርና በፈረስ ጭራ ይሠራ የነበረው ክር ርካሽና ጠንካራ የሆነው ከዚያ ወዲህ ነው። አሜሪካውያን ባስ ለሚሉት አዳኝ ዓሣ የሚጠቀሙበት ቀላል ዘንግ ለዓባይ ነጭ ዓሣም ይስማማል።

ለጀማሪ ሁለት ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ዘንግ ይበቃዋል። ክሩ 0.30 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ናይለን ይሁን። ለቆሮሶ ትንሽ መንጠቆና የምድር ትል፣ ለአምባዛ ጠንከር ያለ መንጠቆና ሥጋ፣ ለነጭ ዓሣ በውኃ ውስጥ እየተሽከረከረ የሚያብረቀርቅ ብረት ያስፈልጋል። ቋጠሮውን ከማጥበቅህ በፊት በምራቅህ አርጥበው፤ ደረቅ ናይለን ሲጎተት ይግላል፣ ይደክማል። የመንጠቆውን እሾህ በጉጠት ተጫነው፤ የምትለቀው ዓሣ አፉ አይቀደድም። ብዙ ገንዘብ አውጥተህ ውድ መጠቅለያ መግዛት ግን አያስፈልግህም፤ ያንን ከለመድክ በኋላ ትደርስበታለህ።

ዓባይ አዞና ጉማሬ አለበት፤ ከውኃው ጠርዝ ራቅ ብለህ ቁም፣ ብቻህን አትውረድ። ሀገሪቱ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 አውጥታለች፤ ከመውረድህ በፊት የወረዳህን ግብርና ጽሕፈት ቤት ጠይቅ። ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ግን ዘንግህን አስቀምጥ፤ ነጭ ዓሣው የሚራባው ያኔ ነው።