እርካብ ከየት መጣ?

በአዲስ ቅዳም ከተማ ስም ውስጥ «ቀደመ» የሚለው ግስ አለ። ቅዳም ከግእዙ «ቀዳሚት ሰንበት» የመጣ፣ እሑድን የሚቀድም ቀን ነው። ሽቅድምድምም ከዚያው ግስ የተገኘ ነው፤ ፈረስ በሚወደድበት በአዊ ምድር ላለች ከተማ ደስ የሚል ዝምድና ነው።

ስለ ግልቢያ አብዝቶ የሚናገረው ግን እርካብ ነው። ሲሰሙት ከግእዙ «ረከበ» የወጣ ይመስላል። ረከበ አገኘ ማለት ነው፤ አስረከበና ርክክብ የእሱ ልጆች ናቸው። እርካብ ግን የዐረብኛው «ሪካብ» ነው፤ በዚያ ቋንቋ «ረኪበ» ማለት በእንስሳ ጀርባ ላይ ወጣ፣ ተቀመጠ ማለት ነው። ከፊቱ ያለችው «እ» የአማርኛ ጭማሪ ናት፤ ርግብን እርግብ እንዳልነው። መርከብም ከዚሁ ሥር የመጣ፣ የሚሳፈሩበት ነገር ነው። እርካብ የረገጠ ፈረሰኛና ባሕር የሚሻገር መንገደኛ በቃል ይዛመዳሉ ማለት ነው።

የቀድሞ ፈረሰኞቻችን እርካብ ጠባብ ነበር፤ የሚገባበት የእግር አውራ ጣት ነው። ጫማ የሚያደርግ የዛሬ ጋላቢ ግን ሰፋ ያለ እርካብ ያስፈልገዋል። በእርካቡ ላይ የእግሩን የፊት መዳፍ ብቻ ያሳርፍ፣ ተረከዙን ዝቅ ያድርግ። እግሩ ዘልቆ ገብቶ ከተያዘ፣ ሲወድቅ ፈረሱ ይጎትተዋል። ከመውጣቱ በፊትም ኮርቻው የታሰረበትን ጠፍር በእጁ ይፈትሽ፤ ብዙ አደጋ የሚጀምረው እዚያ ነው።

ልጓም በግእዝም አለ፤ የዐረብኛ ዘመዱ «ሊጃም» ከፋርስኛ የተወሰደ ነው። አማርኛ «አፉን ለጎመ» ሲል ዝም አሰኘ ማለቱ ነው። የልጓሙን ዛብ እያጠበቀ የሚጎትት ሰው የፈረሱን አፍ ያቆስላል፤ አፉ የታመመ ፈረስ ደግሞ አይታዘዝም፣ ግልቢያውም ደስታ የለውም።

እርካብን የመሰለው ዕቃ ስሙን ከባሕር ማዶ ቢያመጣም፣ ለፈረስ አካሄድ አማርኛ የራሱ ስሞች አሉት፤ ሰጋር፣ ሶምሶማ፣ ደንገላሳ፣ ሽምጥ። ጀማሪ ሶምሶማን ሳይለምድ ሽምጥ አይሞክር።

እንዲህ ያሉ ስሞችን ለመሰብሰብ ምቹ ቦታ አለ፤ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል። ማኅበሩ የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው፤ በየዓመቱም ጥር 23፣ በጊዮርጊስ ዕለት፣ እንጅባራ ላይ በዓሉን ያከብራል። እዚያ የምትገኙ ወጣቶች ሆይ፣ አረጋውያኑ የፈረስ ዕቃንና አካሄድን በአማርኛና በአገዎቹ ቋንቋ በአውኚ የሚጠሩባቸውን ስሞች እባካችሁ አንድ በአንድ መዝግቡልን።