ወደ ሕዝቡ የወጣ ትምህርት፦ የጅማ ኮሌጆች ታሪክ ለዛሬው ተማሪ

በአገራችን ትምህርት ፈላጊ ወጣት የሚማርበትን ቦታ መምረጥ የጀመረው የዘመናዊ ኮሌጆች በር ሲከፈት አይደለም። ከዚያ አስቀድሞ ባሉት ረጅም ዘመናት ቅኔ ሊቀኝ የወደደ ወደ ዋሸራ፣ ድጓ ሊያስመሰክር የፈለገ ወደ ቤተ ልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕት ሊማር ያሰበ ወደ ዙር አምባ፣ አቋቋም የናፈቀው ደግሞ ወደ ጎንደር፣ ደበሎውን ለብሶና አኩፋዳውን አንግቶ ወንዝ እየተሻገረ ይሄድ ነበር። በእስልምናውም ወገን ደረሳው ኪታቡን ይዞ፣ ለፊቅህ አንዱን ሼህ፣ ለነህው ሌላውን ሼህ እየፈለገ ከአገር ወደ አገር ይዞር ነበር። ሁለቱም ከቤታቸው ሲወጡ የሚጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም «ይህን ጥበብ ጠንቅቆ የሚያውቅ መምህር ወንበሩን የዘረጋው ወዴት ነው?» የሚል ነበር። ለሚኖሩበትም ጉባኤ ቤት ቀለብ የሚገኘው ከአካባቢው ሕዝብ ስለ ነበረ፣ ተማሪና ሕዝብ በአጥር የተለያዩ አልነበሩም።

ጅማ ይህን ሥርዓት ከቀድሞ ጀምሮ የምታውቅ አገር ናት። ዳግማዊ አባ ጅፋር በጅሬን ኮረብታ ላይ ከነበረው ቤተ መንግሥታቸው ሆነው አገሩን ባስተዳደሩበት ዘመን፣ የሲራራ ነጋዴ በሂርማታ ገበያ ሲሰበሰብ፣ ዑለማም በንጉሡ ከለላ ሥር እየተጠጉ ያስተምሩ ስለ ነበረ፣ ጅማ በደቡብ ምዕራቡ የአገራችን ክፍል ከታወቁት የእስልምና ትምህርት ማዕከሎች አንዷ ለመሆን በቅታለች። የዛሬው የከተማው ልጅ፣ ቦሳ ኪቶም ይደግ መንደራ ቆጪ፣ ኮሌጅና ዩኒቨርሲቲ በደጁ ሲያገኝ እንግዳ ነገር ያገኘ አይምሰለው፤ ትምህርት ፍለጋ ወደዚህ አገር የሚመጣ እግር ከብዙ ትውልድ በፊት ጀምሮ ያልተቋረጠ ነውና።

ዘመናዊው ከፍተኛ ትምህርት ወደ ጅማ የገባው በእርሻ በኩል ነው። ኦክላሆማ በተባለው የአሜሪካ ክፍለ ግዛት የሚገኘው የእርሻና የመካኒክ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት የነበሩት ዶክተር ሄንሪ ቤኔት ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር ተነጋግረው ሐሳቡን ካነቃቁ በኋላ፣ እርሳቸው በአውሮፕላን አደጋ ቢሞቱም ነገሩ ሳይቀር፣ በግንቦት 1944 ዓ.ም. ፖይንት ፎር በተባለው የአሜሪካ እርዳታ ውል ተፈርሞ፣ በ1945 ዓ.ም. የጅማ እርሻና ቴክኒክ ትምህርት ቤት ተከፈተ። በኋላ በዓለማያ የታወቀው የእርሻ ኮሌጅም ሕንጻው ገና ሳይሰናዳ የመጀመሪያዎቹን ተማሪዎቹን ያስተማረው በጅማ ስለ ነበረ፣ ዓለማያ የሐረርጌ ፍሬ ብትሆንም ዘሯ የተዘራው በቡና አገር ነው ቢባል ከእውነቱ አይርቅም።

በውሉ መሠረት ከኦክላሆማው ኮሌጅ የተላኩት ሰዎች ይዘውት የመጡት የትምህርት ሥርዓት በአሜሪካ አገር በእነርሱ አቆጣጠር በ1862 በወጣ ሕግ የተመሠረተ ነበር። በዚያ ሕግ መንግሥት ለየክፍለ ግዛቱ መሬት ሰጥቶ የገበሬና የሠራተኛ ልጆች እርሻንና የእጅ ጥበብን የሚማሩባቸው ኮሌጆች እንዲቋቋሙ አደረገ፤ እየቆየም እነዚህ ኮሌጆች ሦስት ተግባር እንዲኖራቸው ሆነ፤ እነርሱም ማስተማር፣ መመራመርና የተገኘውን እውቀት ለገበሬው ማድረስ ናቸው። በአገራችን ግን ብዙው ወላጅ ልጁ ተምሮ በጽሕፈት ቤት ወንበር ላይ እንዲቀመጥለት በሚመኝበት በዚያ ዘመን፣ የተማረ ልጅ ቱታ ለብሶ አፈር መንካቱ ቀላል ነገር አልነበረም።

የቡና ችግኝ የማፍላት ሥራ ብቻውን ምን ያህል ትጋት እንደሚጠይቅ ያየ ሰው በእጅ እየሠሩ መማር ለምን እንደሚያስፈልግ ያስተውላል። ከተመረጠ እናት ዛፍ በደንብ የቀላው እሸት ብቻ ተለቅሞ ይፈለፈላል፤ ፍሬው ታጥቦ ፀሐይ በማይመታው ነፋሻ ቦታ ይደርቃል፤ በለሰለሰ መደብ ላይ በመስመር ተዘርቶ ጉዝጓዝ ይለብሳል፤ በላዩም ዳስ ይሠራለታል። ዳሱ ከጠነከረ ችግኙ ይቀጥናል፤ ከሳሳ ፀሐይ ያቃጥለዋል፤ ውኃ ቢበዛ ሥሩ ይበሰብሳል፤ ቢያንስ ይጠወልጋል። ወደ ማሳ የሚሄድበት ጊዜ ሲደርስ ዳሱ ጥቂት በጥቂት እየተገለጠ ፀሐይ እንዲለምድ ይደረጋል። ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አንብቦ በፈተና የመለሰ ተማሪና በገዛ እጁ አፍልቶ ችግኙን ለገበሬ ያስረከበ ተማሪ አንድ ዓይነት እውቀት አላቸው ለማለት አይቻልም።

እንዲህ ያለው እውቀት ለአገር ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ብዙ ሳይቆይ ታየ። በ1959 ዓ.ም. ገደማ ከጅማ ወጣ ብሎ በመልኮ የምርምር ጣቢያ ከተቋቋመ በኋላ፣ በ1963 ዓ.ም. ገና አረንጓዴ ሳለ የቡናውን ፍሬ እያጠቆረ የሚያረግፍ በሽታ በአገራችን መግባቱ ታወቀ። ተመራማሪዎቹ መድኃኒቱን የፈለጉት ከዚያው ከቡናው ጫካ ነበር፤ በሽታው ባጠፋው ማሳ መካከል ሳይነኩ ፍሬያቸውን ይዘው የቆሙትን እናት ዛፎች እየለዩ፣ ዘራቸውን እየፈተኑ፣ ለገበሬው የሚታደሉ ዝርያዎችን አወጡ። ይህ ሥራ በጫካው ውስጥ የሚመላለስ እግር፣ ገበሬውን በትሕትና የሚጠይቅ አንደበትና የዓመታትን ትዕግሥት የሚሻ ነው።

ተማሪን ወደ ሕዝብ የመላክ ሐሳብ በእርሻ ብቻ አልተወሰነም። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኑን፣ ነርሱንና የአካባቢ ጤና ሠራተኛውን በአንድነት አሰልጥኖ ወደ ገጠር ይልክ ነበር፤ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ተደረገ። ይህን ሐሳብ ከምሥረታው ጀምሮ የትምህርቱ መሠረት ያደረገው ግን በ1970ዎቹ አጋማሽ የተቋቋመው የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ነው። በታኅሣሥ 1992 ዓ.ም. ኢንስቲትዩቱና ከቀድሞው የእርሻ ትምህርት ቤት ያደገው የጅማ ግብርና ኮሌጅ ተዋሕደው የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሲሆኑም፣ «ማኅበረሰብ አቀፍ ትምህርት» የተባለው ይህ ሥርዓት የመላው ዩኒቨርሲቲ መታወቂያ ሆነ።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ተማሪዎች በቡድን ሆነው ወደ ተመደቡበት ቀበሌ ይወርዳሉ፤ መዝገብ ይዘው ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ የሚጠጣው ውኃ ከየት እንደሚቀዳ፣ መጸዳጃ ቤት ስለ መኖሩ፣ ሕፃናቱ ስለ መከተባቸው ይጠይቃሉ። ከዚያ የተገኘውን ችግር በቅደም ተከተል አስቀምጠው፣ ከቀበሌው ሽማግሌዎች ጋር መክረው፣ በአቅማቸው ሊሠራ የሚችለውን ይሠራሉ። ወደ መመረቂያቸው የተቃረቡት የጤና ተማሪዎች ደግሞ፣ ሐኪሙ ከነርስ፣ ከላቦራቶሪውና ከፋርማሲው ባልደረባው ጋር እንደ አጋሮና አሰንዳቦ ወዳሉ ከተሞች ሄደው በአንድነት እየኖሩ ይሠራሉ። ከአዲስ አበባ ወይም ከመቀሌ የመጣው ተማሪ አፋን ኦሮሞ የሚናገር ጓደኛውን አስተርጓሚ አድርጎ በአንዲት እናት ደጅ ሲቆም፣ «ግቡ፣ ቡና ጠጡ» ተብሎ በርጩማ ሲቀርብለት፣ ትምህርቱ ለማን እንደሆነ በዚያ ይረዳዋል። ጨዋ ተማሪ ጫማውን አውልቆ ይገባል፤ የቀረበለትን ያከብራል፤ ጥያቄውን ሰላምታው ካለቀ በኋላ ያነሣል።

በዘመናችን የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ያለፈ ተማሪ የሚፈልጋቸውን ተቋማት በቅደም ተከተል ይሞላል፤ ምደባውን በአብዛኛው የሚያወጣው ግን ትምህርት ሚኒስቴር ነው። ብዙ ወጣቶች ቅጹን የሚሞሉት በከተማው ስም፣ በጓደኛ ምክርና በወላጅ ምኞት ነው። የወላጅ ምክር የሚናቅ አይደለም፤ ነገር ግን ከላይ የተተረከው ታሪክ ሦስት ጥያቄ ያስጨምራል። የምመኘውን ሙያ አጥብቆ የሚያስተምረው የትኛው ቤት ነው? ተማሪውን ከክፍል አውጥቶ ከሥራው ጋር የሚያገናኘውስ? ከዚያ የወጡት ሰዎች በአገር ውስጥ ምን እየሠሩ ይገኛሉ? ለእነዚህ መልስ የሚሰጥ ታላቅ ወንድም ወይም የቀድሞ ተማሪ በየሰፈሩ አይጠፋምና፣ ቅጹ ከመሞላቱ በፊት ሄዶ መጠየቅ ይገባል።

ዕጣው ካልተመኙት ቦታ ቢጥል እንኳ የተማሪነት ዘመን ከንቱ አይሆንም። የቀድሞዎቹ የጅማ ተማሪዎች የገቡበት ትምህርት ቤት ገና ስም ያልነበረው አዲስ ቤት ነበረ፤ ስም ያወጡለት እነርሱ ናቸው። ስለዚህ ወደየትኛውም ግቢ የገባ ወጣት የአካባቢውን ቋንቋ ቢማር፣ ገበያውንና ገበሬውን ቢያውቅ፣ ከሌላ ክፍለ ሀገር ከመጣው የመኝታ ክፍል ጓደኛው ጋር በፍቅር ቢኖር፣ ቤተ መጻሕፍቱን ለፈተና ሳምንት ብቻ ባያስቀር፣ ከመምህሩም ጋር ሳይፈራ ቢመካከር፣ ዲግሪው ከሚመሰክርለት የበለጠ ተምሮ ይወጣል። ሕዝቡ ለዚህ ትምህርት ከግብሩ ከፍሏልና፣ ተማሪውም ዕዳውን መክፈል የሚጀምረው ከተመረቀ በኋላ ሳይሆን ገና ተማሪ ሳለ ነው።